የኢንጂነሪንግ ሴት ተማሪዎች ክበብ፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄው፦ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ካለነው 60 ተማሪዎች ሴቶቹ 9 ነን። አምና ለፍሬሽ ሴቶች ቱቶሪያል ጀምረን በሦስተኛው ሳምንት ሰው ጠፋ። ዘንድሮ በደንብ የተቋቋመ ክበብ እንዲኖረን እንፈልጋለን። ምን ምን ያስፈልጋል? ገንዘብ ከየት ይመጣል? ወንዶችንስ እናስገባ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽው ስለ ክበብ ቢሆንም ዋናው መልስ ያለው አምና በጠፋው ቱቶሪያል ውስጥ ነው። ለምን እንደፈረሰ ሳታውቁ ክበብ ብታቋቁሙ፣ ያው ቱቶሪያል ማህተምና ፕሬዚዳንት ኖሮት እንደገና ይፈርሳል። ስለዚህ ከደንቡና ከደብዳቤው በፊት እሱን እንየው።

የሴቶች ቱቶሪያል ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ስሙ ነው። «ለሴት ተማሪዎች የተዘጋጀ ድጋፍ» ተብሎ ሲለጠፍ የምትመጣው ወይ በጣም የጨነቃት ናት፣ ወይ ጓደኛዋ ጎትታ ያመጣቻት። መሃል ላይ ያለችው፣ ትንሽ ብትታገዝ ሲዋን ቢ የምታደርገው፣ «በሴት ነጥብ ገብታ ነው» የሚለውን ወሬ ላለማጠናከር ብላ ትቀራለች። ሁለተኛው አሰጣጡ ነው። ሲኒየሯ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታስተምራለች፤ ቀን ያልገባው ሌክቸር ማታ ተደገመ ማለት ነው። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ከዶርም ራቅ ብሎ የሚደረግ ነገር የሚዘልቀው አብራ የምትሄድ ጓደኛ እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ጓደኛዋ የቀረች ቀን እሷም ትቀራለች፤ ሁለት ቀን ከቀረች ደግሞ መመለስ ያሳፍራታል።

ስለዚህ ቱቶሪያሉን ወደ ጥያቄ መስሪያ ለውጡት። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ በቋሚ ክፍል፣ በኮርሱ ስም የሚጠራ ይሁን፤ «የቅዳሜ ስታቲክስ» (ስታቲክስ በማይንቀሳቀስ አካል ላይ ያሉ ኃይሎችን የሚያጠና ኮርስ ነው) በቂ ስም ነው፣ ድጋፍ የሚል ቃል አይግባበት። አራት አራት ሆነው ይቀመጡ። ለእያንዳንዷ አምስት ጥያቄ ያለው ወርክሺት ይሰጣት፤ ለሁለት ጠረጴዛ አንድ ሲኒየር ትበቃለች። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም የሚሠሩት ይሁን፣ አምስተኛው ከድሮ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) የተወሰደ። ወርክሺቱ ሐሙስ ካልተዘጋጀ ቅዳሜ አይደርስም፤ አዘጋጇ በየሳምንቱ አንድ ሰው ከሆነች ደግሞ የሷ ሚድ ሲደርስ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ የ12 ሳምንቱን አዘጋጆች ስም በሰንጠረዥ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ሲኒየሯ ምን ታደርጋለች? አንድ ምሳሌ ልውሰድ። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም (አግድም ተሸካሚ) በሁለት ጫፉ ላይ ተደግፏል፤ ከግራው ድጋፍ 2 ሜትር ላይ 12 ኪሎኒውተን ተጭኖበታል፤ ሁለቱን ሪአክሽኖች፣ ማለትም ድጋፎቹ ወደ ላይ የሚመልሱትን ኃይል፣ ፈልጊ ይላል ጥያቄው። መልሱ ግራው 8፣ ቀኙ 4 ኪሎኒውተን ነው። ብዙዎቹ ግን ግራው 4፣ ቀኙ 8 ብለው ይመጣሉ፤ ሞመንቱን (ኃይል ሲባዛ በርቀት) ከግራው ድጋፍ ይጀምሩና ርቀቱን ከቀኙ ይለኩታል፣ 2 መሆን የነበረበትን 4 ያደርጉታል። ፍሪ ቦዲ ዲያግራሙን (ቢሙንና በላዩ ያሉትን ኃይሎች ብቻ የሚያሳየውን ሥዕል) ለብቻ ሳይስሉ በጥያቄው ሥዕል ላይ ቀስት ስለሚጨምሩ የትኛው ርቀት ከየት እንደተለካ ይጠፋቸዋል። እዚህ ላይ ሲኒየሯ እስክሪብቶ ተቀብላ ብትሠራው ልጅቷ «አሃ» ትልና በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ትሳሳታለች። ይልቅ «ጭነቱ ለየትኛው ድጋፍ ይቀርባል? ታዲያ ብዙውን የሚሸከመው የቱ ነው?» ብላ ጠይቃ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ትሂድ። ስህተቷን ራሷ ካገኘችው አይደገምም። ሲኒየሮቹን ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ለአንድ ሰዓት ሰብስባችሁ ማሠልጠን ያለባችሁ በዚህ ነው፤ ኮርሱን ያውቁታል፣ እጃቸውን መሰብሰብ ነው የሚከብዳቸው።

አራት ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኒላንጃና ዳስጉፕታና ባልደረቦቿ በፈረንጆች 2015 ባሳተሙት ጥናት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን በአራት በአራት ሰው ቡድን ከፋፍለው፣ የሴቶቹን ቁጥር አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት እያደረጉ ተሳትፏቸውን አነጻጽረዋል። ሴቶቹ ይበልጥ አፍ አውጥተው የተሳተፉት ሴቶች በበዙበት ቡድን ነው። ከዚህ የሚወጣው ለናንተ ክፍል በቀጥታ የሚጠቅም ነገር አለ። አስተማሪዎች «እንዲዳረሱ» ብለው ዘጠኙን ሴቶች ለዘጠኝ የላብ ቡድን አንድ አንድ ሲበትኗቸው መልካም ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ ውጤቱ ግን እያንዳንዷ ብቻዋን ሪፖርት ጸሐፊ መሆኗ ነው። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ሦስት ቡድን ውስጥ እንድትገቡ ጠይቁ። ጥያቄው ወጪ የለውም፤ አብዛኛው አስተማሪም ምክንያቱ ከተነገረው እሺ ይላል።

የወንዶቹ ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። የዚያው ተመራማሪ ሌላ ሥራ፣ በ2017 የወጣው፣ 150 የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ሴት ተማሪዎችን ለሦስት ከፍሏል፤ ለአንዱ ቡድን ሴት ሲኒየር፣ ለሌላው ወንድ ሲኒየር፣ ለሦስተኛው ማንም አልተመደበም። በመጀመሪያው ዓመት ሴት ሲኒየር ከተመደበላቸው ውስጥ ኢንጂነሪንግን የለቀቀች አልነበረችም፤ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ግን የለቀቁ ነበሩ። ልብ በዪ፣ ልዩነቱን ያመጣው ጂፒኤ አልነበረም፤ «እዚህ ቦታዬ ነው» የሚለው ስሜትና በራስ መተማመኑ ነው የተጠበቀው። ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው፦ አባልነቱና የመካሪነቱ ሥራ የሴቶች ይሁን፤ የቅዳሜው ጥያቄ መስሪያ ግን ለወንድ ፍሬሾችም ክፍት ይሁን፣ ጎበዝ ወንድ ሲኒየርም ይርዳ። ወንዶች ሲገቡበት «የደካሞች ክፍል» የሚለው ስም ይነሳለታል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ግን ሴቶች ቢያንስ ግማሽ ይሁኑ፤ ይህን በር ላይ የምትቆመው አስተናጋጅ ትቆጣጠር።

ለአንድ መካሪ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬሽ ይመደብላት። አሥር የተመደበላት አንዷንም አታውቅም። የመጀመሪያው ግንኙነት ከመጀመሪያው ሚድ በፊት ካልሆነ ዘግይቷል፤ ሻንጣ አስራ ልሂድ የምትለዋ ያን ሳምንት ነውና የምትገኘው። አመዳደቡ በዶርም ይሁን እንጂ በዲፓርትመንት አይሁን፤ የጎንደር ካምፓሶች ማራኪው፣ ቴዎድሮሱ፣ ፋሲሉ ተራርቀው ነው ያሉት፣ ለአንድ ሻይ ባጃጅ የሚያስከፍል ምክክር ከወር አያልፍም። በሁለት ሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ይበቃል። መካሪዋ «እንዴት ነሽ?» ብላ ብትጠይቅ «ደህና» ነው የሚመለስላት። «ባለፈው ሳምንት ያልገባሽ ሌክቸር የቱ ነው? ከማን ጋር ነው የምታጠኚው? ወርክሺቱን የት አቆምሽ?» ብትል ግን ወሬው ይከፈታል።

ዲፓርትመንት መምረጫው ሲደርስ አንድ ቅዳሜ ለሱ ስጡት። ብዙ ፍሬሽ ሴት ሲቪልን ወይም ሜካኒካልን የምትተወው ሠርታ አይታው ሳይሆን «ፊልድ ይበዛዋል፣ ለሴት ይከብዳል» ስለተባለች ነው። የ4ኛና የ5ኛ ዓመት ሴቶች መጥተው ሰኞ ምን እንደሚሠሩ፣ ማክሰኞ ምን እንደሚሠሩ ይንገሯቸው። ስለ ሥራ ገበያ የሚደረግ ንግግር ይቅር፤ እሱን ሁሉም ሰምቶታል።

የላቡን ነገር ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሴቶች ከሙያው ቀስ እያሉ የሚርቁት እዚያ ነው። ወንዱ ዕቃውን ይይዛል፣ ሴቷ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ወረቀቱን ትይዛለች። በሰርቬይንግ (የመሬት ልኬት) ልምምድም ሌቭሉ (የከፍታ መለኪያው) ላይ የሚያነበው እሱ፣ ፊልድ ቡኩን (የልኬት መዝገቡን) የምትሞላው እሷ። ዓመት ካለፈ በኋላ መሣሪያውን መንካት ትፈራለች፤ ፍርሃቷም «ሴት አትችልም» ለሚለው ማስረጃ ይሆናል። መፍትሔው ተራ መቀያየርን ሕግ ማድረግ ነው፦ ሰርቬይንግ ላይ ጣቢያ በተቀየረ ቁጥር፣ ላብ ላይ በየ20 ደቂቃው፣ አንባቢ ጸሐፊ ይሆናል፣ ጸሐፊም አንባቢ። ላብ አሲስታንቱን ካሳመናችሁት ሰዓት ሲደርስ «ቀይሩ» ማለት ለሱ ምንም አይደለም።

ፍሬሾቹ መሣሪያ እንዲደፍሩ ደግሞ በሴሚስተር አንዴ የኤሌክትሮኒክስ ግማሽ ቀን አዘጋጁ። ለ24 ሰው በሁለት በሁለት፣ 12 ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሰርኪዩት የሚገጠምበት ባለቀዳዳ ሰሌዳ)፣ 12 ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ 40 ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፣ 30 ባለ 390 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ)፣ 4 መልቲሜትር (ቮልቴጅና ከረንት መለኪያ)። ብሬድቦርዱንና መልቲሜትሩን ከላብ ተዋሱ፣ ሌላውን ግዙ። ስሌቱን ራሳቸው ይሥሩት፦ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ 7 ቮልት ይቀራል፣ 7 ለ390 ሲካፈል 18 ሚሊአምፔር፤ ይህ ኤልኢዲው የሚችለው ነው። ሬዚስተር ሳያስገባ የሚያገናኝ አይጠፋም፤ ኤልኢዲው ብልጭ ብሎ ይቃጠላል፣ ለዚህ ነው 40 ያልኩት። ካልበራ በመጀመሪያ እግሩን እዩ፤ ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ቀጥሎ ብሬድቦርዱን፤ አምስት አምስቱ ቀዳዳ እርስ በርሱ የተገናኘ ነው፣ በመሃል ያለው ሸለቆ ግን ግራና ቀኙን ይለያያል፣ በአንዳንዱ ረጅም ቦርድ ላይም በጎን ያለው የፓወር መስመር መሃል ላይ የተቆረጠ ነው። መልቲሜትሩ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት ከረንት ሲለካ የቆየውን ቀይ ገመድ ከከረንት ቀዳዳው ሳያወጡ ቮልቴጅ መለካት ነው፤ ውስጡ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ የሚለካው ሰው «ከረንት የለም» እያለ ሰዓቱን ይፈጃል። ሁለት ሦስት ትርፍ ፊውዝ ያዙ። እንዲህ ያለውን ብልሽት ራሷ ፈልጋ ያገኘች ልጅ በሚቀጥለው ላብ ላይ ወረቀት ብቻ አትይዝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክበብ ስለሆነ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት ለብቻው መመዝገብ አያስፈልገውም፤ ዕውቅናው ከውስጥ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ 20 ወይም 25 ፊርማ ከነመታወቂያ ቁጥር ሰብስቡ፤ ከአንድ ዲፓርትመንት ብቻ አይሁን። ከሦስት ገጽ የማይበልጥ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ከዚያ አማካሪ የሚሆን መምህር። ሁሉም ክበብ ሴት መምህርት ይፈልጋል፣ ነገር ግን ኢንጂነሪንግ ላይ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም ኮሚቴ ውስጥ ገብተዋል፤ ስሟን ብቻ ከምታበድራችሁ ዶክተር ይልቅ ቁልፍ ያለው ላብ አሲስታንት ይሻላል። ማመልከቻው ለተማሪዎች አገልግሎት ተጽፎ ግልባጩ ለጀንደር ቢሮ፣ ለተማሪዎች ዩኒየንና ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች ይሁን። ገቢ ሲሆን በግልባጩ ላይ ቁጥርና ቀን አስመቱ፤ «አልደረሰኝም» የሚለው መልስ የሚቆመው በዚያ ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይ «ቲም ትሬኒንግ» የሚለውን ቃል ብታስገቡ አይጎዳችሁም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተመሠረተ ጀምሮ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን አሰማርቶ ማሠልጠን የሚኮራበት ነገር ነው፤ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደንቡ ላይ ሁሉም የሚዘነጋው አንድ አንቀጽ አለ፤ የሥልጣን ዘመን። ምርጫውን በጥቅምት የሚያደርግ ክበብ ዕድሜ የለውም። 5ኛ ዓመቶቹ ቴሲስና መውጫ ፈተና አለባቸው፣ 4ኛ ዓመቶቹ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ይወጣሉ፣ ስለዚህ ፕሬዚዳንቷ 4ኛ ዓመት ከሆነች ክበቡ ግማሽ ዓመት ያለ ራስ ይቀመጣል። ምርጫው ግንቦት ላይ ይሁን፤ ፕሬዚዳንቷ 3ኛ ዓመት የምትገባ፣ ምክትሏ ደግሞ በአንድ ዓመት የምታንሳት ትሁን፣ አሮጌዎቹ እስከ ሰኔ አብረው ይሥሩ። ርክክቡ በወረቀት ይሁን፦ የወርክሺቶቹ ፋይል፣ የደብዳቤዎቹ ግልባጭ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የኢንተርንሺፕ መዝገብ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ከሰው እጅ ወጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ፍላሽ ላይና አንድ የታተመ ቅጂ ይኑራችሁ።

ገንዘብን በተመለከተ የሚያስፈልጋችሁ ከምታስቡት ያነሰ ነው። ለ24 ሰው ሁለት ሁለት ገጽ፣ 12 ሳምንት፣ 576 ገጽ ይሆናል፤ ከፊትና ከኋላ ሲታተም 288 ቅጠል። አንድ ባለ 500 ቅጠል እሽግ ሴሚስተሩን ይጨርሳል። 30 አባል በወር 20 ብር ብታዋጣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ 5,400 ብር ነው። ከዩኒቨርሲቲው በጥሬ ብር አትጠይቁ፤ ክፍል፣ ማተሚያ፣ አውቶቡስ፣ ሰርተፊኬት ጠይቁ። ብር ስትጠይቁ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግዥ ጥያቄ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ይመጣል፤ ዕቃው ሲደርስ ሴሚስተሩ አልቋል። የግድ ከሆነም በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ በበጋው አጋማሽ ዕቅድ ሲዘጋጅ ይግባ። መዋጮውን በአንዲት ልጅ ቴሌብር አታስቀምጡ። ልጅቷ ታማኝ ብትሆንም ስልኳ ቢጠፋ፣ ዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ) ብትሞላ ወይም ብትታመም ሐሜቱ ክበቡን ይበትነዋል። በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብና በየወሩ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ገቢና ወጪ ይኑር።

ከመዋጮው ትንሽ ቀንሳችሁ ሞዴስ ግዙና ላብ አሲስታንቱ ሳይሆን አንዷ አባል የምትይዘው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ቀኑን ሙሉ በሚወስድ የፊልድ ልምምድ ላይ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ቀድሞ ማጣራትም የክበቡ ሥራ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ «አመመኝ» ተብሎ የሚቀርበት ልምምድ ግን አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኢንተርንሺፕ ሁለተኛው ሴቶች የሚንሸራተቱበት ቦታ ነው። ወንዱ ዘመድ ባለበት ሁሉ ይሄዳል፤ ሴቷን ቤተሰብ «እዚሁ ቅርብ ፈልጊ» ይላታል፣ በመጨረሻ ፎቶ ኮፒ የምታነሳበት ቢሮ ታገኛለች። ክበቡ ከኢንተርንሺፑ ሦስት ወር ቀድሞ መዝገብ ይዘጋጅ፤ ከያንዳንዷ ተመላሽ የሚሞላ አንድ ገጽ፦ ምን ሠራሽ፣ ተቆጣጣሪሽ በሳምንት ስንት ቀን አገኘሽ፣ ማደሪያ ከየት፣ የትራንስፖርት ይከፍላሉ ወይ፣ ለሴት ልብስ መቀየሪያ አለ ወይ፣ በልክሽ የሆነ የደህንነት ጫማ አገኘሽ ወይ። ሁለት ሴቶችን ወደ አንድ ድርጅት መላክ ለቤተሰብም መልስ ነው፣ ለቤት ኪራይም። ከዚህ ጋር ከተማው ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ፤ ለሲቪልና ለሃይድሮሊክ የአንገረብ ግድብና የደለሉ ችግር፣ ለሜካኒካልና ለኤሌክትሪካል ዳሸን ቢራ ፋብሪካ፣ ለኮንስትራክሽን የፋሲል ግቢ የኖራ ጥገና። የጉብኝት ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በፊት ይግባ፤ የጥምቀት ሰሞን ግን አትሞክሩት።

ትንኮሳን በተመለከተ አንድ ወሰን አስምሩ፤ ክበቡ መርማሪ አይደለም። አንዲት ልጅ «አስተማሪው ቢሮዬ ነይ ይለኛል» ብላ ብትመጣ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በራሷ እጅ ትጻፍ፤ መልእክቶቹን አታጥፋ፤ ሁለት አባላት እስከ ጀንደር ቢሮ ይሸኟት፤ ወደ አስተማሪው ቢሮም ብቻዋን አትግባ። ስም ቴሌግራም ላይ ማውጣት ጉዳዩን ከማጣሪያው በፊት ይገድለዋል፣ እሷንም ያጋልጣል። እሷ ሳትፈቅድ ምንም ወደየትም አይሄድም።

በዓሎቹን መጨረሻ ላይ ያመጣኋቸው ሆን ብዬ ነው። የካቲት 4 የሴቶችና ልጃገረዶች የሳይንስ ቀን፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሰኔ 16 የሴት ኢንጂነሮች ቀን አለ፤ አንዱን ምረጡና ቀሪዎቹን ተዉ። ብዙ ክበብ ያለውን ጉልበት በባነር፣ በኬክና በንግግር ጨርሶ የቅዳሜውን ወርክሺት የሚያዘጋጅ ሰው ያጣል።

ከውጭ ማህበራት ጋር መያያዝም ይቻላል። በአሜሪካ በ1950 የተመሠረተው የሴት ኢንጂነሮች ማህበር አለ፤ ለናንተ ለኤሌክትሪካሎቹ ግን የሚቀርበው የአይትሪፕልኢ (IEEE፣ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነሮች ማህበር) የሴቶች ክንፍ ነው። እሱ የሚቋቋመው በተማሪ ቅርንጫፍ ሥር ስለሆነ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ቅርንጫፍ መኖሩን፣ አባል የሆነ አማካሪ መምህር መኖሩን አጣሩ። የአባልነት ክፍያው በዶላር ነው፣ ለተማሪ ቅናሽ ቢኖረውም በግል ካርድ መክፈል ያስቸግራል፤ ተቋሙ በአንድ ላይ እንዲከፍል ጠይቁ። ይህን ግን በሁለተኛው ዓመት አድርጉት፤ ዘንድሮ 12ቱን ቅዳሜ ሳታቋርጡ ብትጨርሱ ለማመልከቻው የምታቀርቡት ሪፖርትም ከዚያው ይወጣል።